በሩን የከፈቱ እጆች፦ ስለ ዢሮዱ «የትሮይ ጦርነት አይደረግም»

በቋንቋችን ጦርነት እንደ ነፋስ «ይነሣል»፣ እንደ ቸነፈር «ይገባል»፣ እንደ ክረምት «ይመጣል»። አባቶቻችን «ክፉ ቀን መጣ» ሲሉ ቀኑን ያመጣው ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም ነበር። ሌሎች ሕዝቦችም ከዚህ እምብዛም የተለየ አነጋገር የላቸውም፤ በየአገሩ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ጦርነት «ፈነዳ» ይባላል እንጂ «ተሠራ» አይባልም። ነገሩ የአነጋገር ልማድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን ግሱ አድራጊውን ሲሸሽግ አንባቢውም አድራጊውን መፈለጉን ይተዋል፤ አድራጊው ካልተፈለገ ደግሞ ጦርነት የሰው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የዕጣ ፈንታ ሥራ ይሆናል።

ቴያትር ግን ለዚህ ዓይነቱ ሽሽግ አይመችም። በመድረክ ላይ ምንም ነገር በገዛ ራሱ አይነሣም፤ አንድ ሰው በበሩ መግባት፣ አንድ ቃል መነገር፣ አንድ እጅ መዘርጋት አለበት። ስለዚህም ተቀናቃኝ አገሮች ወደ ታላቅ ጦርነት እንዴት እንደሚሳቡ ለመመርመር የሚሻ ሰው፣ ከታሪክ መጻሕፍት ጎን ለጎን ጥሩ ተውኔት ቢያነብ ይጠቀማል። ለዚህ ሂስ የመረጥነው ፈረንሳዊው ዣን ዢሮዱ የደረሰውን፣ ሉዊ ዡቬ አዘጋጅቶና ራሱ ሄክቶርን ሆኖ ተጫውቶ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. በፓሪስ የአቴኔ ቴያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየውን፣ «የትሮይ ጦርነት አይደረግም» የተሰኘውን ባለ ሁለት ገቢር ተውኔት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ደራሲው ስለ ጦርነት የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ቆስሏል፤ በ1915 የቆሰለበት የዳርዳኔልስ ግንባር፣ ጥንታዊቱ ትሮይ ከነበረችበት ስፍራ ወሽመጡን ተሻግሮ የሚታይ ነው። ከዚያም በኋላ በአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዲፕሎማትነት ብዙ ዘመን አገልግሏል። የጦር ሜዳውንም የድርድር አዳራሹንም ከውስጥ ያውቃቸዋል ማለት ነው።

ተውኔቱ የታየበት ወቅትም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት መረብን ተሻግሮ አገራችንን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአቴኔ መጋረጃ የተገለጠው ከዚያ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ነው። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የወሰነው የኢኮኖሚ ማዕቀብ በዚያው ወር ሥራ ላይ ቢውልም፣ የወራሪው ተሽከርካሪና አውሮፕላን የሚንቀሳቀስበት ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ተደርጎ ነበር። ሄክቶር በፓሪስ መድረክ ላይ የጦርነትን በር ለመዝጋት ሲታገል፣ በሩ በትግራይ በኩል ወለል ብሎ ተከፍቶ ዐድዋና መቀሌ ተይዘዋል። ዢሮዱ ተውኔቱን የጻፈው ስለ ኢትዮጵያ አይደለም፤ የሚያሳስበው በራይን ወንዝ ግራና ቀኝ ስለሚተያዩት ፈረንሳይና ጀርመን ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው እውነተኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ ደራሲው ባላሰበው አገር ቁስል ላይም መፈተኑ ተገቢ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የትሮዩ ልዑል ፓሪስ የግሪኩን ንጉሥ የሜኔላዎስን ሚስት ሄለንን ጠልፎ መጥቷል። ግሪኮች ሴቲቱን ለማስመለስ በመርከብ እየመጡ ነው። የፓሪስ ወንድም ሄክቶር ከሌላ ጦርነት ገና መመለሱ ነው፤ ሚስቱ አንድሮማክ ነፍሰ ጡር ናት፤ የእርሱም አሳብ በከተማዪቱ የቆመውን፣ በጦርነት ዘመን የሚከፈተውንና በሰላም ዘመን የሚዘጋውን የጦርነት በር መዝጋት ብቻ ነው። አባቱን ንጉሥ ፕሪያምን፣ ወንድሙን፣ ሄለንን፣ የሕግ ሊቁን እያግባባም እያስገደደም በሩን ያዘጋል። ግሪካዊው ኦያክስ በጥፊ ሲመታው ይታገሣል። የግሪኮቹ መልእክተኛ ኡሊሴስ በመጨረሻ ሄለንን ይዞ ለመመለስ ይስማማል። ሁሉ ነገር የተፈጸመ ሲመስል ባለቅኔው ደሞኮስ ክህደት ተሠራ እያለ እየጮኸ፣ የጦር መዝሙር ሊያስነሣ ይመጣል። ሄክቶር ዝም ሊያሰኘው በጦር ይወጋዋል። ደሞኮስ ግን እየሞተ፣ የገደለኝ ኦያክስ ነው ብሎ ይዋሻል። ሕዝቡ ኦያክስን ይገድላል፤ የተዘጋውም በር ይከፈታል።

ይህ ተውኔት በብዙ ሰዎች ዘንድ የዕጣ ፈንታ ተውኔት እየተባለ ይነገርለታል። ነቢይቱ ካሳንድራ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ዕጣ ፈንታን በተኛ ነብር መስላ ታቀርበዋለችና አባባሉ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እኛ ግን ጽሑፉን ገቢር በገቢር ስንመረምር ያገኘነው ነብር አይደለም። ያገኘነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙያ የሚሠሩ ሰዎችን ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን ጦርነት አላደረጉም፤ አንዳቸውም ግን ንጹሓን አይደሉም።

ፊተኛው የሕግ ሊቁ ቡሲሪስ ነው። ከሲራኩስ የመጣው ይህ ሊቅ፣ የግሪክ መርከቦች ባንዲራቸውን የሰቀሉበትንና የተሰለፉበትን አኳኋን አጥንቶ ትሮይ ተደፍራለችና ከጦርነት በቀር መፍትሔ የላትም ይላል። ሄክቶር ሲያስፈራራው ደግሞ፣ ያንኑ ባንዲራና ያንኑ ሰልፍ ለትሮይ የተሰጠ ክብር አድርጎ ይተረጉመዋል። ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። እኛ ግን ሳቃችን ከጉሮሯችን አይወርድም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሲፈጠር ጉዳዩ ለዕርቅ ዳኞች ቀርቦ ነበር። ዳኞቹ የወልወል ምድር የማን እንደ ሆነ እንዳይመረምሩ ተከለከሉ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. የሰጡት ፍርድም ከሁለቱ መንግሥታት አንዱም ጥፋተኛ አይደለም የሚል ነበር። ፍርዱ በተሰጠ በወሩ ወረራው ተጀመረ። ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ ዙሪያውን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሕግ፣ የጦርነት ተቃዋሚ መስሎ የጦርነት መንገድ ጠራጊ ይሆናል። ዢሮዱ ይህን በሚገባ አይቶታል።

ሁለተኞቹ መርከበኞቹ ናቸው። ሄክቶር ጠቡን ለማብረድ ሲል ፓሪስ ሄለንን አልነካትም ብሎ በሕዝብ ፊት ይከራከራል። በመርከቧ ላይ የነበሩት የትሮይ መርከበኞች ግን የወገናችን ወንድነት ተነካ ብለው ያዩትን ሁሉ ይመሰክራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጦርነት አይበጃቸውም፤ የሚሞቱትም እነርሱው ናቸው። ነገር ግን ከመናቅ መሞትን የመረጡ መሆናቸውን እንኳ ሳያውቁ ይመርጡታል። በተቀናቃኝ አገሮች መካከል ትዕቢት የመኳንንት ብቻ ሀብት አይደለም፤ ለድኻውም በነጻ የሚታደል ብቸኛ ጌጥ ይሆናል።

ሦስተኛው ደሞኮስ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው ኡሊሴስ ነው። ሄክቶርና ኡሊሴስ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ትዕይንት የተውኔቱ እምብርት ነው። ኡሊሴስ በጦርነት ዋዜማ የሁለት ሕዝቦች መሪዎች በአንድ ጸጥተኛ ስፍራ፣ በሐይቅ ዳር እንደሚገናኙ፣ እንደሚዋደዱ፣ ሰላም ተመኝተው እንደሚለያዩና በማግሥቱ ጦርነት እንደሚሆን ይተርካል። በዚያ ምሽት በአቴኔ ወንበሮች የተቀመጠ ሰው ስትሬዛን ሳያስብ የሚቀር አይመስለንም። በአፕሪል 1935 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መሪዎች በማጆሬ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዚያች ከተማ ተሰብስበው ስለ አውሮፓ ሰላም መግለጫ አውጥተዋል። የኢጣልያ ወታደሮች በዚያው ሰሞን በመርከብ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እየተጓጓዙ ነበር፤ መግለጫው ግን ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በዚሁ ትዕይንት ውስጥ ኡሊሴስ አንድ ነገር ያመልጠዋል። የግሪክ ምድር ጠባብና ድኻ መሆኑን፣ የትሮይ ቤተ መቅደስ ወርቅና የእርሻዋ ልምላሜ የግሪኮችን ዓይን መሳቡን ይናገራል። ሄለን ሰበብ ናት፤ ምክንያቱ ወርቁና አዝመራው ነው። ከሁለት ገቢር ብልህ ንግግር ሁሉ ይህች አንዲት ንግግር ትከብዳለች። ዢሮዱ ግን ከተናገራት በኋላ ፈጥኖ ይሸፍናታል፤ ኡሊሴስ መልሶ ስለ ዕጣ ፈንታ ያወራል። በእኛ ግምት የተውኔቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ደራሲው እውነቱን ያገኛል፤ ካገኘው በኋላ ግን ጥቅምን ዕድል ብሎ ስም ያወጣለታል።

ስሙ ልክ አለመሆኑን ታሪክ ያሳየናል። በ1914 የበጋ ወራት የሆነውን እንመልከት። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ጁን 28 ቀን በሳራዬቮ ተገደለ። ኦስትሪያ ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ግን ወዲያው አይደለም፤ ጁላይ 23 ቀን፣ በርሊን እንደምትደግፋት ካረጋገጠች በኋላ ነው። ሰርቢያ አብዛኛውን ጥያቄ ተቀበለች። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም የሰርቢያን መልስ ጁላይ 28 ቀን አንብቦ ከእንግዲህ ለጦርነት ምክንያት የለም ብሎ ጻፈ፤ ኦስትሪያ ጦርነት ያወጀችው በዚያው ዕለት ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አጠቃላይ ክተት አዘዘ፤ ሻረ፤ ጁላይ 30 ቀን መልሶ አዘዘ። ኦገስት 1 ቀን ጀርመን በሩሲያ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ንጉሠ ነገሥቷ ሠራዊቱ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይዙር ቢል የጦር አዛዡ ሞልትከ አይቻልም አለው፤ የባቡሩ ጉዞ ከዓመታት በፊት በሰዓትና በደቂቃ ተቀምሮ፣ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል እንዲዘመት ተወስኖ ነበርና። ኦገስት 3 ቀን በፈረንሳይ ላይ ታወጀ፤ ኦገስት 4 ቀን ቤልጅግ ተወረረችና እንግሊዝም ገባች። ከ9 ሚሊዮን ያላነሱ ወታደሮች የረገፉበት እልቂት በዚህ አኳኋን ተጀመረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዕጣ ፈንታ የት ላይ ነው ያለው? ለባቡሩ ሰሌዳ ያወጣለት ሰው ነው። ማስጠንቀቂያውን ውድቅ እንዲሆን አድርጎ ያረቀቀው ሰው ነው። ክተቱን የፈረመው ሰው ነው። ለገበያና ለቅኝ ግዛት የተሻሙት፣ በባሕር ኃይልና በመድፍ የተፎካከሩት መንግሥታት ናቸው። በመጨረሻዪቱ ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ያቃታቸው፣ ወደ ኋላ መመለሻውን መንገድ በየተራቸው ራሳቸው ስለዘጉት ነው። ዕጣ ፈንታ የሚባለው፣ ብዙ ሰዎች ተራ በተራ የሠሩት ሥራ ሲደመር የሚያገኘው ስም ነው።

ታዲያ ሄክቶር ለምን ተሸነፈ? ከዚህ ላይ ተውኔቱ፣ ደራሲው አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ ለእኛ ዋና የሆነውን ትምህርት ይሰጣል። ጦርነቱ የብዙ እጆች ሥራ ሲሆን፣ ሰላሙ ግን የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ቀረ። ሄክቶር ደፋርም ቅንም ነው፤ ነገር ግን ሰላምን የሚሠራው በር ዘግቶ ነው። ቡሲሪስን በማስፈራራት ያሸንፈዋል። ስለ ሄለን ሕዝቡን ይዋሻል። ከኡሊሴስ ጋር ለብቻው ይስማማል። የትሮይ ሕዝብ ስለዚህ ስምምነት ያወቀው ነገር የለም። እናቲቱ ሄኩባና ሚስቲቱ አንድሮማክ የጦርነትን ነገር ከሁሉም አብልጠው ያውቃሉ፤ ይናገራሉም፤ በውሳኔው ግን ድርሻ የላቸውም። ሄክቶር አዳራሹን ሲይዝ አደባባዩን ለደሞኮስ ትቶለታል። ስለዚህም ባለቅኔው አንድ የሐሰት ቃል ሲናገር ቃሉን የሚመዝን ሰው አልተገኘም። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል እንዲሉ፣ ያልተነገረው ሕዝብ ለወሬ የተመቸ ነው።

በ1914 የሆነውም ይኸው ነው። የሩሲያውና የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥታት ዘመዳሞች ነበሩ፤ ከጁላይ 29 ቀን እስከ ኦገስት 1 ቀን በቁልምጫ ስም እየተጠራሩ የሰላም ቴሌግራም ተላልከዋል። ዘመዳሞቹ ሲጻጻፉ ሠራዊቶቻቸው እየከተቱ ነበር። በሌላ ወገን ሰላምን ከአዳራሽ አውጥቶ ለሠርቶ አደሩ ለማስረከብ የሞከረው ፈረንሳዊው ሶሻሊስት ዣን ዦሬስ ነበር። የሶሻሊስት ኢንተርናሽናል ቢሮ ጁላይ መጨረሻ ላይ በብራስልስ ተሰብስቦ፣ ጉባኤው ኦገስት 9 ቀን በፓሪስ እንዲካሄድ ቀጠረ። ዦሬስ ጁላይ 31 ቀን በአንድ የፓሪስ ቡና ቤት ተገደለ። ኦገስት 4 ቀን የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች በምክር ቤት የጦርነቱን በጀት ደገፉ። የተቀጠረውም ጉባኤ ሳይካሄድ ቀረ። የዦሬስ ገዳይ በ1919 ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ተለቀቀ። እዚህ ላይ ሰላም ወደ ብዙ እጆች ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የቀደመው ግን ሌላው ወገን ነው።

አሁን ወደ ደሞኮስ እንመለስ፤ ይህ ነገር እኛን ብዕር የያዝነውን ይመለከታልና። ደሞኮስ የጦር መዝሙር ደራሲ ነው። ከጦርና ከቀስት በፊት ስድብ መወርወር አለበት ብሎ ያምናል፤ የስድብ ልምምድ እንዲደረግም ያደርጋል። የጦርነትን መልክ በሄለን መልክ ሊመስለው ይሻል። ይህን ገጸ ባሕርይ እንደ ቀልድ የሚያዩት አሉ። አውሮፓ ግን እውነተኛ ደሞኮሶች ነበሯት። በኦክቶበር 1914፣ 93 የጀርመን ሊቃውንትና የጥበብ ሰዎች የአገራቸውን ሠራዊት ከማናቸውም ነቀፋ ነጻ የሚያደርግ መግለጫ ፈረሙ። ከእነርሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የእንግሊዝ ታላላቅ ደራስያን በመንግሥታቸው ተጠርተው ስለ ፕሮፓጋንዳ ሥራ መክረው ነበር። በዚያው ሴፕቴምበር ፈረንሳዊው ሮሜን ሮላን ከስዊስ ምድር ሆኖ ከጠቡ በላይ እንቁም የሚል ጽሑፍ ሲያወጣ፣ በአገሩ እንደ ከሃዲ ተቆጠረ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የኢጣልያዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት የጋብሪኤለ ዳኑንዚዮ ነገር ነው። ሜይ 5 ቀን 1915 በጄኖቫ አጠገብ በኳርቶ ባደረገው ንግግር፣ ቀጥሎም በሮማ አደባባዮች ሕዝቡን ለጦርነት አነሣሣ። ኢጣልያ በኦስትሪያ ላይ ሜይ 23 ቀን ጦርነት አወጀች። ባለቅኔው ጦርነቱን ያመጣው ይመስላል። ዳሩ ግን የኢጣልያ መንግሥት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር በለንደን የምሥጢር ውል የፈረመው አፕሪል 26 ቀን፣ ከኳርቶው ንግግር ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ነው። በውሉ ከተዘረዘሩት ተስፋዎች አንዱ፣ ሌሎቹ በአፍሪካ የጀርመንን ግዛት ከወሰዱ ኢጣልያ በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ወሰን በኩል ካሣ መጠየቅ እንድትችል የሚፈቅድ ነበር። ሕዝቡ በአደባባይ የወሰነ መስሎት ሲጮኽ፣ ዋጋው በጓዳ ተቆርጦ አልቋል። ባለቅኔው ውሉን አልጻፈም፤ ውሉን ሕዝቡ የገዛ ፈቃዱ አድርጎ እንዲቀበለው አደረገ። ይኸው ዳኑንዚዮ ከ20 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን ወረራ በብዕሩ አወድሷል፤ ጦርነትን ያመልክ የነበረው ሌላው ባለቅኔ ማሪኔቲም በፈቃደኝነት አገራችን ድረስ ዘምቷል።

እንግዲህ ዢሮዱ በደሞኮስ ላይ የሠራው ስሕተት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለባለቅኔው ከሚገባው በላይ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ወርቁና አዝመራው፣ የሕግ ሊቁ ብራናና የመርከበኞቹ ትዕቢት ባይቀድሙት ኖሮ የደሞኮስ ውሸት ሰሚ ባላገኘ ነበር። ሁለተኛውና ዋናው፣ በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አያደርግም። በእርሱ ሚዛን ትሮይና ግሪክ እኩል ናቸው፤ መዝሙር ሁሉ የደሞኮስ መዝሙር ነው። ከፓሪስ ሲታይ ይህ ሚዛናዊ ይመስል ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ግን አይደለም። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሀገር ፍቅር ማኅበር በመዲናችን ሲቋቋም፣ በንግግርና በመዝሙር ሕዝቡን ያነቃቃው የሰው ምድር ለመውሰድ አልነበረም፤ እየመጣ ያለ ወራሪ ነበረና ነው። ወራሪንና ተወራሪን በአንድ ስም መጥራት ሰላም ወዳድነት አይደለም፤ ይህ የቡሲሪስ ሥራ ነው።

ይህን ስንል ግን ለራሳችን የነጻነት ወረቀት መስጠታችን አይደለም። ሰው ሁሉ ተወራሪ ነኝ ይላል፤ በ1914 የዘመቱት ሁሉ የተነገራቸው አገራችሁን ተከላከሉ ተብሎ ነው። በእኛም ዘመን፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ የተጀመረውና ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት የተቋጨው ጦርነት፣ ተጋብተውና ተዛምደው የኖሩ ሁለት ሕዝቦችን ለያይቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ወጣት በልቷል። በሁለቱም ወገን ተዘፍኗል። ከዚያ ዘመን ዘፈኖች መካከል የሟቾችን እናቶች፣ የራስንም የዚያኛውንም፣ ያስታወሰው ስንቱ ነው? መከላከል ተገቢ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ የባለቅኔው ተግባር ሕዝቡ ለምን እንደሚሞት በግልጽ እንዲያውቅ ማድረግ ነው፤ ጠላቱን ከሰው በታች አድርጎ መሳል አይደለም። የአገር ፍቅር መዝሙርና የደሞኮስ መዝሙር የሚለዩት በዚህ ነው።

በፓሪስ ራሷ ስለዚህ ነገር የብዕር ክርክር ተደርጎ እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። የኢጣልያ ጦር በተንቀሳቀሰ ማግሥት፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1935፣ አንሪ ማሲስ ያረቀቀው የፈረንሳይ ምሁራን መግለጫ በጋዜጣ ወጣ። ኢጣልያ እንዳትቀጣ የሚጠይቅ፣ ኢትዮጵያን ከሠለጠኑ አገሮች ተርታ የማያስገባ ጽሑፍ ነበር፤ ርእሱ ግን ስለ ምዕራቡ መከላከልና ስለ አውሮፓ ሰላም ይናገራል። የጦር መዝሙር በሰላም ስም ሲዘመር ማለት ይህ ነው። ወዲያው ዡል ሮማንና ሌሎች ጸሐፍት የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። ደሞኮስም የደሞኮስም ባላጋራ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ብዕራቸውን አነሡ። ዕጣ ፈንታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ነገር በጻፉ ነበር።

ስለ ደራሲው የኋላ ሕይወት አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይላል። ዢሮዱ በ1939 በፈረንሳይ መንግሥት የማስታወቂያ ዋና ኮሚሳር ሆኖ ተሾመ፤ ደሞኮስን የፈጠረው ሰው የጦርነት ዘመን ቃል አዘጋጅ ሆነ። አገሩ በወራሪ ፊት ቆማ ነበርና ሹመቱን መቀበሉ ብቻውን አያስወቅሰውም። በዚያው ዓመት ባሳተመው የፖለቲካ ድርሰቱ ግን ስደተኞችን፣ በተለይም አይሁዳውያንን የሚያጥላላ ቃል ጽፏል። ይህን የምናነሣው ተውኔቱን ለመጣል አይደለም። ደሞኮስ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዳልሆነ፣ እርሱን አሳምሮ በሳለው ብዕር ውስጥ እንኳ ሊያድር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በመጨረሻ ስለ ዝግጅት ጥቂት እንበል፤ ይህ ተውኔት በአማርኛ መድረክ ሊታይ ይገባዋልና። አዘጋጁ ደሞኮስን አስቂኝ ሽማግሌ እንዳያደርገው አደራ እንላለን። ድምፁ ያማረ፣ ግጥሙ ልብ የሚነካ፣ አዳራሹ አብሮት ሊያጨበጭብ የሚዳዳው ሰው መሆን አለበት፤ ተመልካቹ አጨብጭቦ ከዚያ እጁን የሚመለከት ከሆነ ዝግጅቱ ተሳክቷል። ቡሲሪስም የቢሮ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት፣ ሠራተኛ ሰው ይሁን። የትሮይ ሕዝብ ከመድረኩ ጀርባ የሚሰማ ጩኸት ብቻ ሆኖ አይቅር፤ ሄክቶርና ኡሊሴስ በሚነጋገሩበት ጊዜ ሁሉ ከተዘጋው በር ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ምንም ሳይሰማ ሲጠብቅ ይታይ። ያን ጊዜ የደሞኮስ ውሸት ለምን እንደ ሠራ ማብራሪያ አያሻም።

የተውኔቱ መጨረሻ በዝግጅት በኩል የታወቀ ነው፤ መጋረጃው መውረድ ይጀምራል፣ ደሞኮስ ይዋሻል፣ መጋረጃው ተመልሶ ይወጣል። በመውረዱና በመውጣቱ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ግን ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ወጥቶ «ማን አየ?» ብሎ ቢጠይቅ ኦያክስ አይሞትም ነበር። ዢሮዱ ይህን ጠያቂ አልጻፈውም። እርሱን በየትምህርት ቤቱ፣ በየስብሰባውና በየመድረኩ ማፍራት የመምህሩ፣ የካድሬውና የከያኒው የጋራ ሥራ ነው።